ዲሹን ያዞርን ሰሞን

እኔ ነገር ሳይደርስ የምሰናዳ ሰው ነኝ። ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ እይዛለሁ፣ መብራት ሳይጠፋ ሻማ እገዛለሁ፣ ሳልታመም የሐኪም ቤት ካርድ አወጣለሁ። ባለቤቴ ሰብለ ይህን ጠባዬን በሽታ ነው የምትለው። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ስለሆነ ሙያው ነው ያበላሸው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ቴሌቪዥኑ ግርጌ ላይ ያ ጽሑፍ መሮጥ የጀመረ ዕለት በልደታ ኮንዶሚኒየም ካሉት አባወራዎች ሁሉ ቀድሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነበር፦ የአገር ውስጥ ጣቢያዎቻችን ካሉበት ሳተላይት ወደ ሌላ ሳተላይት ሊዛወሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሮው ይቋረጣል። ስለዚህ ውድ ተመልካቾች ዲሻችሁን ወደ አዲሱ አቅጣጫ አዙሩ፣ ሪሲቨራችሁ ላይም የሚከተለውን ቁጥር አስገቡ። ቁጥሩ አምስት አሃዝ ነው። ችግሩ ጽሑፉ ሲሮጥ የሆነ ሰው የሚያባርረው ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሃዞች ሰኞ ማታ ያዝኩ። ሁለቱ አመለጡኝ። እነሱን ደግሞ ማክሰኞ ማታ ጠብቄ ያዝኳቸው። ማክሰኞ ማታ ይሮጥ የነበረው የሌላ ጣቢያ ቁጥር መሆኑን ያወቅሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ለጊዜው ግን ሦስቱንና ሁለቱን ገጥሜ፣ በቀይ አስምሬ፣ «የሳተላይት ዝውውርን ይመለከታል» የሚል ፋይል ከፍቼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ተክለ ሃይማኖት ወርጄ ዕቃ ገዛሁ። ዲሹ ፊት የምትቀመጠዋን ኤልኤንቢ የምትባል ዓይን አዲስ ገዛሁ፤ የድሮዋ ምንም አልሆነችም። ኮምፓስ ገዛሁ። ከዚያ ኬብል ጠየቅሁ።

«ስንት ሜትር?» አለ ባለሱቁ።

«ጥቅልሉን በሙሉ።»

«ዲሹ የት ነው ያለው?»

«ጣሪያ ላይ።»

«ቤትህስ?»

«ከጣሪያው ሥር።»

ባለሱቁ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጥቅልሉን በሙሉ አስታቀፈኝ።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሰብለ ጥቅልሉን ዞር ብላ አየችና «ይኼ የት ሊያድር ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። አልጋ ሥር አልገባም፤ ቁም ሳጥን ላይ ሲወጣ ጣሪያውን ነካ። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው አናት ጋ አስቀመጥኩት። ለሳምንት ነው ብዬ ነው።

እዚህ ላይ እትዬ ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ እየሸጡ አንድ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጅቱ ሃያት ትባላለች። የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ስታጠና ስድስት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት እትዬ ዘይነባ ስለ ሃያት ያላሉን ነገር ስለሌለ፣ ልጅቱን በቅርብ ሳናውቃት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ እናውቅ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሃያት ደወለችላቸው። ልትመረቅ ነው፤ ከሁሉም አንደኛ ወጥታ ሜዳሊያ ትሸለማለች። እትዬ ዘይነባ ይህን ነገር በስልክ መናገር ስላልፈለጉ እኛ ዘንድ ሊነግሩን ደረጃ ወጡ። ሁለት ፎቅ ወጡና በራችን ሊደርሱ አራት እርምጃ ሲቀራቸው አንድ ነገር ድው አለ።

ሮጬ ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ኬብሉ ጥቅልል ውስጥ ገብቷል።

«ሃያት አንደኛ ወጣች» አሉኝ ከተቀመጡበት።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰንጥቋል ተባለ። ጀሶ ታሰረ። ስድስት ሳምንት መርገጥ የለም፤ አውቶቡስ የሚባል ነገር ጨርሶ አይታሰብም። ምርቃቱ ደግሞ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ልብ ያለ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ የድሮው ሳተላይት የሚቋረጠውም የዚያኑ ቅዳሜ ነው።

ሰኞ ማታ ከሰብለ ጋር ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ወረድን። ፍራሽ ላይ ናቸው፤ እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ለምርቃቱ ያሰፉት ቀሚስ በመስቀያ ተንጠልጥሏል። አረንጓዴ ነው፤ ከራሳቸው ሱቅ ጥሩውን ጨርቅ መርጠው ነው ያሰፉት። እኔ ከቀሚሱ ትይዩ ተቀምጬ ስለነበር አንገቴን ሳላቀና አንድ ሰዓት ያህል አሳለፍኩ።

«የሆነው ሆኗል» አሉ እትዬ ዘይነባ። «አላህ ሳይል የሚሆን የለም። ሃያት ምርቃቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይታያል ብላኛለች። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት።»

«አዎ፣ ይታያል።»

«ሳተላይቱ ሊለወጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሰብለ ደግሞ አንተ ነገሩን በፋይል ይዘኸዋል አለችኝ።»

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው አሳየኝ» አሉ። «ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ይቅርታ ተጠይቆበት ያልቃል። ይህ ግን አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተብሎ ሲሰጥ ከባድ ነው።

ሰብለ ደረጃውን ስንወጣ «ዲሽ ሠሪ ጥራ» አለችኝ። ጠራሁ። በዚያ ሳምንት ግን ከተማው በሙሉ ዲሽ እያዞረ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ለሚቀጥለው ወር አጋማሽ ቀጠረኝ። ሁለተኛው ስልኩን ያነሳው ጣሪያ ላይ ሆኖ ነበር፤ «ጌታዬ፣ በአንድ እጄ ነው የያዝኩት፤ ብወድቅ በእርስዎ ነው» ብሎ ዘጋው። ሦስተኛው ጨርሶ አላነሳም። ስለዚህ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅሁና ራሴ ለመውጣት ወሰንኩ።

የብሎካችን ጣሪያ ላይ ያለው ትልቁ ዲሽ የጋራ ነው። ከእሱ የእኛም፣ የእትዬ ዘይነባም፣ የሻምበል ታደለም ቤት ይስባል። የጣሪያው በር ቁልፍ ያለው ሻምበል ታደለ ዘንድ ነው። ሻምበል የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ በጦር ሠራዊት የመገናኛ ሬድዮ ክፍል ሠርተው ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ ግን አብረው ይመጣሉ።

ሥራውን እሳቸው አደራጁት። እኔ ዲሹን እይዛለሁ። እሳቸው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆመው ወደታች ያያሉ። ሰብለ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ትቆማለች። እትዬ ዘይነባ ፍራሻቸው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን አይተው ለሰብለ ይነግራሉ፣ ሰብለ ለሻምበል፣ ሻምበል ለእኔ። ለምን በስልክ አላደረጋችሁትም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያቸው ነበር። ሻምበል ግን በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ስልክ አያስተማምንም አሉ።

ዲሹን በአውራ ጣት ስፋት አዞርኩ።

ከታች የሰብለ ድምፅ ተሰማ፤ «የለም።»

ሻምበል ወደ እኔ ዞሩ። «ውጤት የለም። ቀጥል።»

አሁንም አዞርኩ።

«አሁንም የለም» አለች ሰብለ።

«ውጤት የለም። ቀጥል።»

እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። ፀሐዩ አናቴን ጠበሰኝ። ኮምፓሱ ብረት አጠገብ ሲሆን ሰሜንን የትም ቦታ እንደሚያደርገው የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ከታች «መጣ» የሚል ድምፅ ወጣ። ወዲያው ሌላ ሰው «መጣ» አለ። ከዚያ ከየፎቁ «መጣ፣ መጣ» ሆነ።

«መጥቷል» አሉ ሻምበል። «ባለህበት እሰር።»

ጎረቤቱ ሁሉ ለእትዬ ዘይነባ እንዲህ መደሰቱ ልቤን ነካው። መፍቻውን ይዤ ብሎኖቹን ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁ። አንደኛው ብሎን እምቢ ሲል ሻምበልም መጥተው አብረውኝ ጎተቱ። ጨርሰን ወደታች ስናይ ግቢው ውስጥ ሰው በሙሉ ጄሪካን ይዞ ይሯሯጣል። የመጣው ውሃ ነበር፤ አራት ቀን ጠፍቶ። ሰብለም ቦታዋን ጥላ የእኛን ቧንቧ ልትከፍት ሮጣለች። እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን ሰማያዊ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለዋል።

ብሎኑን ስንፈታው ጥርሱ ተበልቷል። ለጊዜው ይይዛል አልን። ዓርብ አለቃዬ ሁለተኛ ፈቃድ ስላልሰጠኝ ሥራ ገብቼ ዋልኩ፤ ምን እንደሠራሁ ግን አላስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት የድሮው ሳተላይት እንደተባለው ተቋረጠ። በሦስት ሰዓት ጣሪያ ላይ ነበርን። በዚህ ጊዜ ኮምፓሱን ቤት ትቼ፣ ማዶ ያለውን ብሎክ ዲሾች አይቼ፣ የእኛን እንደ እነሱ አደረግሁት። እንዲህ ያለ ቀላል ዘዴ ለምን ሐሙስ እንዳልመጣልኝ አልጠይቅም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሰብለ ከታች «የሆነ ነገር ገባ» አለች።

«ምን ገባ በላት» አሉ ሻምበል፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ የቆሙት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ራሳቸው ጠየቁ።

ሰብለ ገብታ አይታ ተመለሰች። «አንድ ሰውዬ ድስት እየሸጠ ነው። አገሩ አይታወቅም። እትዬ ዘይነባ ጥሩ ድስት ነው ይላሉ።»

ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ግመሎች ይሮጣሉ። ሦስተኛው ላይ ባዶ ወንበር ብቻ አለ። የእኛ ጣቢያ ግን የትም የለም። ቁጥሩን ደግማ እንድታስገባ ከፋይሌ አነበብኩላት። አስገባች፤ የለም። ሦስት ጊዜ አስገባች። በአራተኛው ደረጃውን ወጥታ ራሷ መጣች።

«ይህን ቁጥር ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከቴሌቪዥኑ ላይ ነው የጻፍኩት።»

«ታች መግቢያው በር ላይ የተለጠፈው እንዲህ አይልም እኮ።»

ታች መግቢያው በር ላይ፣ በትልልቁ ተጽፎ፣ አሥር ቀን ሙሉ ተለጥፎ ኖሯል። እኔ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ቁጥሩ በእጄ ስላለ ቆሜ አላነበብኩትም።

ሰብለ ወርዳ ገልብጣ አስገባችው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጥቂት ቆይቶ ከኮሪደሩ ድምፅዋ መጣ፤ በጣም ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

«መጣ» አለች። «ውሃ አይደለም።»

አዳራሽ ይታያል፣ አበባ ይታያል፣ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ሰው ይታያል ተባለ። ሻምበል ታደለ ወደ ዲሹ ሄዱና ጥሩ የሠራ ወታደርን እንደሚያደርጉት ትከሻውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ጥርሱ የተበላው ብሎን ያን ጊዜ ለቀቀ። ዲሹ ቀስ ብሎ ጎንበስ፣ ጎንበስ አለና አፍንጫው ኮንክሪቱን ነካ። ብሎኑ ተንከባልሎ ከጣሪያው ወደቀ፤ የሆነ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ሰማነው።

በሽቦ አሰርነው፤ አልያዘም። በገመድ ሞከርን። በመጨረሻ እኔ ዲሹን አቅፌ ወደ ቦታው መለስኩትና እንደዚያው ይዤ ቆምኩ። እስትንፋሴን ስይዝ ሥዕሉ ይመጣል፣ ስተነፍስ ይጠፋል። ሰብለ ይህን ሦስት ጊዜ ካረጋገጠች በኋላ «ምርቃቱ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ አትችለውም» አለች።

ኳስ ቤቱን ያሰበችው እሷ ናት። ከኮንዶሚኒየሙ ወጥቶ ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሙሉጌታ የሚባል ሰው ትልቅ ስክሪን ተክሎ ኳስ ያሳያል። የእሱ ዲኮደር በካርድ የሚሠራ የክፍያ ስለሆነ የሳተላይቱ ዝውውር አይነካውም፤ የአገር ውስጡንም ጣቢያ ያወጣል።

ሻምበል ክንድ ያለው የብረት ወንበር አመጡ። ሰብለ እትዬ ዘይነባን አረንጓዴውን ቀሚስ አለበሰቻቸው። ሦስት ጎረቤቶችና እኔ አራቱን ማዕዘን ይዘን ተሸከምናቸው፤ ሻምበል ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ያስለቅቃሉ። ደረጃው ላይ እትዬ ዘይነባ ወንበሩን ጨብጠዋል። መንገድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱ መስሏቸው «እግዜር ይማርዎት» ይሏቸዋል።

«አሜን» ይላሉ እሳቸው። «ልጄ ልትሸለም ነው።»

ኳስ ቤቱ ጢም ብሏል። በዘጠኝ ተኩል የእንግሊዝ ኳስ አለ፤ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ ሰው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቦታ ይዟል። አራት ሰዎች በወንበር የተሸከሟቸው ሴት በር ላይ ሲታዩ ቤቱ በሙሉ ዞረ። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እትዬ ዘይነባ ቀደሙኝ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ። የእኔ ልጅ ዛሬ ዶክተር ሆና ትመረቃለች። በቴሌቪዥን እየታየ ነው። የእኛ ቤት ጠፋ።»

ሙሉጌታ ሪሞቱን እንደያዘ ቆመ። «እማማ፣ ኳሱ በዘጠኝ ተኩል ይጀምራል።»

«እሱ ሳይደርስ ታልቃለች።»

ከፊት ረድፍ አንዱ ጎልማሳ የጓደኛውን ትከሻ ነካና «ጀለሴ ተነስ፣ እናት ይቀመጡ» አለው። ወንበራቸውን ፊት ለፊት አስቀመጥን። ሌላው ለጀሶው እግር የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አመጣ።

«እግርዎን ምን ነካው?» አላቸው ሳጥኑን እያስተካከለ።

«ደረጃ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

ሙሉጌታ ጣቢያውን ቀየረ። አንድ እንግዳ ንግግር እያደረጉ ነው። እሳቸው ጨረሱና ሌላ እንግዳ ተነሱ። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሦስተኛው ተናጋሪ ስለ ዩኒቨርሲቲው አመሠራረት ሲጀምሩ ከኋላ አንዱ በጣም ረጅም እስትንፋስ አወጣ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሁሉም ሰዓቱን አየ፤ ማንም ግን ምንም አላለም። ኳሱ ተጀምሯል። ሙሉጌታ ሪሞቱን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ስሟ ተጠራ። ሃያት ሰይድ። ካሜራው መጀመሪያ አበባውን አሳየ። ከዚያ የሸላሚውን ጀርባ አሳየ፤ ሰፊ ጀርባ ነው። ከጀርባው ጎን አንድ ቆብ ብቅ አለ፤ ከዚያ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሙሉ ፊቷ። ፈገግ ብላ ሜዳሊያዋን በእጇ ይዛለች።

ቤቱ ጎል የገባ ያህል ተነሳ። ወንበር ወደቀ፤ የማያውቀውን ሰው ያቀፈ አለ። ሻምበል ታደለ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔ ስክሪኑን ትቼ እትዬ ዘይነባን ነበር የማየው። አልዘለሉም፣ እልል አላሉም። ሥዕሉ አልፎም ወደዚያው እያዩ ነው።

«ከስታለች» አሉ።

ሙሉጌታ ትንሽ ጠብቆ ሪሞቱን ከኪሱ አወጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ። እንግዲህ ኳሱን...»

«የሌላውስ ልጅ?» አሉት።

«አልገባኝም።»

«እነዚህም እናት አላቸው። የራሴን ልጅ አይቼ የሰው ልጅ ሲመረቅ ጥዬ ልሂድ? ነውር ነው።»

ሙሉጌታ ወደ እኛ አየ። እኛ ወደ መሬት አየን። ከዚያ ወደ ደንበኞቹ አየ። ከፊት የተቀመጠው ጎልማሳ ትከሻውን ሰበቀና «እናት ካሉ አሉ» አለ። ሪሞቱ ኪስ ገባ።

ነርሶች ተጠሩ። ፋርማሲ ተጠራ። እትዬ ዘይነባ ለእያንዳንዱ ስም ያጨበጭባሉ፤ እሳቸው ሲያጨበጭቡ ቤቱም ያጨበጭባል። መጀመሪያ ለደንቡ ነበር። በኋላ ግን ሰው እየመረጠ መደገፍ ጀመረ፤ «ይቺ ደርባባ ናት»፣ «ይኼ ጫማው ጠቦታል» እየተባለ። አንድ ወፍራም ልጅ መድረኩ ላይ ቆቡ ወድቆበት ሊያነሳ ሲጎነበስ ቤቱ በሙሉ ቆሞ አበረታታው። ማዶ ካለው ሌላ ኳስ ቤት አምስት ጊዜ ጩኸት ተሰማ፤ አምስት ጎል ገብቶ ነበር። አንዱም ወጥቶ አልሄደም።

የመጨረሻው ተመራቂ ወርዶ መዝሙር ሲጀመር የእትዬ ዘይነባ ስልክ ጮኸ። ሃያት ናት። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያዋሩት፤ እኛም ሁላችን ሰማናት።

«እማ፣ አየሽኝ?»

«አየሁሽ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አይቶሻል።»

«ማን አለ?»

እትዬ ዘይነባ ዞር ብለው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ለማንኛችን ምን ስም እንደሚሰጡ ያሰቡ ይመስላል።

«ዘመድ ነው» አሏት። «አሁን ዝም በይና ንገሪኝ፤ ምሳ በልተሻል?»